የሆድ ብረቱና የዳዋ መልካ

በዚያ ዘመን ነገሌ ከተማ ውስጥ ከመኪና ሥር የምትገባ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የባሌን አሮጌ ቱታ ለብሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬ፣ እግሮቼ ብቻ ከካሚዮኑ ሥር ወጥተው ሲታዩ የጎረቤት ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። «ምነው አስካለ፣ ባልሽ ረዳት መቅጠር አቃተው እንዴ?» ይሉኛል። እኔም እዚያው ተንጋልዬ «ረዳት እንደ እኔ አያይለትም!» እላቸዋለሁ። ስለ ካሚዮናችን ሆድ የማላውቀው ነገር አልነበረም። መንዳት ግን አልችልም። ግቢ ውስጥ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ከማድረግ በቀር መሪ ይዤ አላውቅም ነበር።

ይህ ነገር በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ጊዜው ጃንሆይ ዙፋን ላይ ያሉበት ነው። ከነገሌ ወደ ሜጋ የሚወስደው ደግሞ መንገድ ይባል እንጂ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበዛ ነበር።

አባቴ ከጎንደር መጥቶ ነገሌ ጦር ሰፈር የቀረ ወታደር ነው። በጦሩ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ስለነበር በልጅነቴ ምሳ ላደርስለት ሄጄ እዚያው ሥራውን ሳይ እውላለሁ። ከደምሴ ጋር የተዋወቅነውም እዚያው ጋራዥ በር ላይ ነው። ደምሴ ትንሽ የሚናገር፣ ቢናደድም ድምፁን የማያነሳ ሰው ነበር። ከተጋባን ጥቂት ቆይተን አንድ አሮጌ ካሚዮን ገዛን፤ እሱ ከዱብሉቅና ከሜጋ ጨውና ቆዳ እየጫነ ነገሌ ያመጣል።

በመጀመሪያው ዓመት በዋጪሌ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ኮፓውን ቀደደበት። ኮፓ ከሞተሩ ሥር ያለው፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ብረት ነው። ዘይቱ በሙሉ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ደምሴ ሌላ መኪና እስኪያልፍ ድረስ ብቻውን ቁጥቋጦ ውስጥ ከረመ። ቤት ሲደርስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣

«አስካል፣ ከሥሯ ብረት ሳናስርላት ሁለተኛ አልወጣም» አለኝ።

ብረት ለማሰር ተስማማን። ምን ዓይነት ብረት በሚለው ላይ ግን ተከራከርን። ነገሌ ያለው ብረት በያጅ ሦስት ዓይነት አወጣልን። አንዱ ከበርሜል የተቆረጠ ስስ ላሜራ ነው። እሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው ይታጠፍና ይጠብቀዋል የተባለውን ኮፓ ራሱ ይወጋዋል። ሁለተኛው ከተሰባበረ የጦር ተሽከርካሪ ላይ የተፈታ ወፍራም ብረት ነው። የደምሴ ዓይን እሱ ላይ አረፈ።

«ይሄንን ጥይት አይበሳውም» አለ በመዳፉ መታ መታ እያደረገው።

«ጥይት ማን ይተኩስብናል? ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው የፊቱ ባሌስትራ ነው። ባሌስትራው ከተሰበረ ያው መንገድ ላይ መቅረት ነው» አልኩት። ባሌስትራ መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት ነው።

ሦስተኛው መካከለኛ ነበር። እሱን አስመረጥኩት። የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ተቆልምሞ እንዲሠራም ጠየቅሁ፤ ድንጋይ ሲያገኝ እንዳይጋጭ፣ ላዩ ላይ እንዲንሸራተት። በብረቱና በኮፓው መካከል ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት እንዲተው አደረግሁ። የዘይቱ ማፍሰሻ በሚገኝበት ቦታ ቀዳዳ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ጭቃና ሣር የሚወድቅበት ሰፊ ክፍት ቦታ አስወጣሁ።

«እሺ፣ ልበይደው?» አለ በያጁ።

«አይበየድ። በቡሎን ይታሰር። ከየጉዞው በኋላ እየፈታሁ አጸዳዋለሁ።»

ደምሴ ሳቀና «እንግዲህ ቃል ገብተሻል፤ እኔ ከላይ፣ አንቺ ከታች» አለኝ።

ከታች መሆን ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ደረቅ ሣር በብረቱና በሞተሩ መካከል ይወተፋል፤ የጭስ ማውጫው ሲግል እሳት ሊይዝ ይችላል። ጭቃው ደርቆ ሙቀት ያፍናል። ከሁሉ የከፋው ግን ጨው ነው። ከጭነቱ እየተንጠባጠበ ቡሎኑን ዳዶው ላይ ያጣብቀዋል፤ እንደዚያ የዛገ ቡሎን መፍቻው ኪያቤ ሲነካው ይቆረጣል እንጂ አይፈታም። ስለዚህ ካሚዮኑ በገባ ቁጥር ብረቱን አውርጄ በውሃ አጥበዋለሁ፤ የጎበጠውን በመዶሻ አቃናለሁ፤ እያንዳንዱን ቡሎን ግራሶ ቀብቼ መልሼ አስራለሁ። ካሰርኩ በኋላ አንድ በአንድ በመዶሻ ነካ ነካ አደርጋቸዋለሁ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ያጉረመርማል።

ያን ጊዜ የበልጉ ዝናብ የሚጀምርበት ወር ነበር። ሜጋ ያለችው እህቴ ወልዳ ልጠይቃት ከደምሴ ጋር ሄጄ፣ ጨው ጭነን እየተመለስን ነው። ዱብሉቅ፣ ከብት ከሚጠጣባቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ከኤላዎቹ አጠገብ አንድ የቦረና ሽማግሌ ዱላቸውን አንስተው አስቆሙን።

«አካም፣ ናጋ?» ብለን በኦሮምኛ ሰላም አልናቸው።

«ናጋ። ነገሌ ትሄዳላችሁ? ወንድሜ ሐኪም ቤት ተኝቷል አሉኝ።»

ኦቦ ጉዮ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሰው ናቸው። ከእኔ ጎን ተቀመጡ፤ ሦስታችንም ገቢና ውስጥ ተጣብቀን ዋጪሌ ገብተን አደርን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ዳገት ስንወጣ ራዲያተሩ ፈላ። ደምሴ አናቱ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ባትሪው ከሜጋ ጀምሮ ሞቷል፤ ስለዚህ የምናስነሳው በማኖቬላ ነው፤ ከፊት ተሰክቶ በእጅ በሚዞረው ብረት ማለቴ ነው። ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ጨመርንና ደምሴ ማኖቬላውን ይዞ ጎንበስ አለ። አንዴ አዞረው፤ አልተነሳም። ሁለተኛ ሲያዞር ሞተሩ ወደ ኋላ መታው። እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ዘልዬ ወረድኩ። ደምሴ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀኝ ክንዱን በግራው ደግፏል። ከአንጓው በላይ ክንዱ ሌላ መታጠፊያ አብጅቷል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን አልጮኸም።

«ሰበረኝ» አለ ብቻ።

ኦቦ ጉዮ ሄደው ቀጥ ያሉ እንጨቶች ቆርጠው መጡ። እኔ ነጠላዬን ቀደድኩ። ሽማግሌው አጎንብሰው ክንዱን ቀስ ብለው ዘረጉት፤ ደምሴ ጥርሱን ነከሰ። ከግራና ከቀኝ እንጨት አድርገው፣ ሳያጠብቁ አሰሩለት። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንታላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጣቱ ቀዝቅዟል። ደም አይሄድም። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ይፈልጋል። ዛሬ።»

«ሌላ መኪና እስኪመጣ እንጠብቅ» አልኩ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ሰሜን ቀሰሩ። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው። በሩቁ፣ በደጋው በኩል ግን ከሰል የመሰለ ደመና ተኝቷል።

«ቦሬ እየዘነበ ነው። ያ ውሃ ወደ ዳዋ ይወርዳል። እስከ ማታ ከደረሰ፣ መልካውን ማንም አይሻገርም። ስንት ቀን እንደሚቆይ ዋቃ ያውቃል።»

እኛ በምንሄድበት በኩል ዳዋ ላይ ድልድይ አልነበረም። መኪና የሚያልፈው መልካው ላይ፣ የወንዙን ድንጋይ እየረገጠ ነው። ደምሴ ዓይኑን ከካሚዮኑ ወደ እኔ መለሰ።

«አስካል፣ አንቺ ትነጃለሽ።»

«አብደሃል? ግቢ ውስጥ እንኳ ከአጥሩ ጋር አጋጭቼው የለም?»

«እዚህ አጥር የለም» አለ። በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል ትንሽ ፈገግ አለ መሰለኝ። «ቁልቁለት ላይ ነን። ማኖቬላ አያስፈልግም። ፍሪሲዮን ረግጠሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተሽ፣ ስትንደረደር እግርሽን ቀስ አድርገሽ ትለቂያለሽ። ከተነሳች በኋላ ግን እንዳታጠፊያት። ከዚህ ወዲያ እስከ ዳዋ ሜዳ ነው፤ ከጠፋች የሚያስነሳት የለም።»

መሪው ፊት ተቀመጥኩ። ፔዳሉ ስለራቀኝ ከጀርባዬ የጨው ጆንያ አደረግሁ። ኦቦ ጉዮ ከጎማው ሥር ድንጋዩን አውጥተው ሮጠው ገቡ። ካሚዮኑ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ የኋላው ጭነት እየገፋው። ደምሴ «ቆይ… ቆይ… አሁን!» አለ። እግሬን ለቀቅሁ። ካሚዮኑ እንደ ፈረስ ተንቀጠቀጠና ተነሳ።

ረጅም ሰዓት ነዳሁ። ደምሴ ዓይኑን ጨፍኖ የሞተሩን ድምፅ ብቻ እየሰማ ይመራኛል። ሞተሩ ሲያጓራ «ማርሽ ቀይሪ»፣ ሲያቃስት «መልሺ» ይለኛል። እጄ መሪው ላይ ደንዝዟል። መንገዱ መሃል ያሉትን ድንጋዮች ሁሉ ማለፍ አልቻልኩም፤ አንዳንዶቹ ከሥራችን ክርርር እያሉ ሲያልፉ ልቤ አብሮ ይፋቃል። ከዚያ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ሳር የሸፈነው፣ ከፊት መታን። ከሥር አንድ ነገር ተቆርጦ ሲወድቅና ብረት መሬት ሲጎትት ሰማሁ።

አቆምኩ፤ አላጠፋሁም። ማርሹን አውጥቼ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ኦቦ ጉዮ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከፊት በኩል ያሉት ሁለት ቡሎኖች ተቆርጠዋል። ብረቱ በኋላዎቹ ቡሎኖች ብቻ ተንጠልጥሎ አፍንጫው መሬት ነክቷል። እንዲህ ከሄድን አፈር እንደ አካፋ እየዛቀ ይተከላል።

«ፍቺውና እንጣለው» አለ ደምሴ በመስኮቱ። «ደመናው እየቀረበ ነው።»

«መልካው ላይ ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ያለ እሱ ኮፓው ከተበሳ ወንዝ መሃል ነው የምንቆመው።»

ደመናውን አንዴ አየ። ከዚያ «ከታች ያለው ያንቺ ነው። እንደመሰለሽ» አለኝ።

ከሥር ገባሁ። ሞተሩ ከፊቴ በላይ ይንዘፈዘፋል፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ጉንጬን ይለበልበኛል። ሐሳቤ ይህ ነበር፤ ወደ ፊት ስንሄድ ድንጋዩን የሚቀበለው የፊቱ ጠርዝ ስለሆነ በቡሎን መታሰር ያለበት እሱ ነው። የኋላው በሰንሰለትም ይያዛል። ስለዚህ ከኋላ ሁለት ቡሎን ፈትቼ ወደ ፊት ላመጣ ነው። ኪያቤውን የመጀመሪያው ዳዶ ላይ አሳረፍኩ። ከሜጋ ከወጣን ጀምሮ ጨው ተንጠባጥቦበታል። ተጣብቆ ከሆነ እዚያው አለቀልን።

ገፋሁት። እሺ አለ። ግራሶው ነው እሺ ያሰኘው። ሁለተኛውም ተፈታ።

ኦቦ ጉዮ ከጎን ተኝተው የብረቱን አፍንጫ በዱላቸው ወደ ላይ ደግፈው ያዙልኝ። የተቆረጡትን ቡሎኖች ጉቶ በመዶሻ መትቼ አስወጣሁ፤ ሁለቱን ሰክቼ አጠበቅሁ። የብረቱን የኋላ ጠርዝ ጭነት በምናስርበት ሰንሰለት ጠምጥሜ ቋጠርኩት። ለመውጣት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ቡሎኖቹን በመዶሻ ነካ ነካ አደረግኋቸው። የሞተሩ ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። መዳፌን ለጥፌ መታሁ፤ በእጄ ተሰማኝ። ጠብቀዋል።

ዳዋ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ውሃው ሰፊ ነው፤ ግን ገና ጥልቀት የለውም። መልኩ ግን ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ኦቦ ጉዮ ከዳር ቆመው ጎንበስ አሉ፤ ውሃውን በመዳፋቸው ዘግነው አዩት።

«አዲስ ውሃ ነው። ትልቁ ከኋላ እየመጣ ነው። አሁን።» ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡ። «እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ። ሚርጋ ስል ቀኝ፣ ቢታ ስል ግራ። ሱታ፣ ሱታ።»

«ሱታ፣ ቀስ ብዬ፣ አውቃለሁ» አልኳቸው፤ ነገሌ አድጌ ይህችን ኦሮምኛ አጥቼ አይደለም።

ደምሴ በግራ እጁ ጉልበቴን ያዘኝ። «አንደኛ ማርሽ። ፍሪሲዮኑን አትንኪ፤ ቤንዚኑን አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። ምንም ቢመጣ እንደያዝሽው ያዢ።»

ገባን። ውሃው የጎማውን መሃል እስኪነካ ወጣ። ኦቦ ጉዮ በዱላቸው ድንጋዩን እየዳበሱ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ውሃው ጭናቸው ደርሷል። «ሚርጋ… ሱታ… ቢታ…» መሪው በእጄ ውስጥ ይታገላል። መሃሉን እንዳለፍን የፊቱ ጎማ ጉድጓድ ገባና የካሚዮኑ ሆድ አንድ ነገር ላይ ተቀመጠ። ካሚዮኑ ከፊት ትንሽ ብድግ አለ። ቆመ። የኋላ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፤ እኛ ግን አንሄድም።

እግሬ ወደ ፍሪሲዮኑ ሊሄድ ቃጣው። ደምሴ ጉልበቴን ጨብጦ ያዘው። «እንደያዝሽው» አለ በቀስታ።

እንደያዝኩት ያዝኩት። ከሥራችን ብረቱ ድንጋዩ ላይ ሲፋቅ ይሰማኛል፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። አፍንጫው የተቆለመመው ለዚህ ነበር። ጣት ያህል ሄደ። ቆመ። እንደገና ሄደ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተንሸራትቶ ከድንጋዩ ላይ ወረደና ጎማዎቹ መሬት ያዙ። ኦቦ ጉዮ ወደ ጎን ዘለው አሳለፉን። ከወንዙ ወጥተን ዳገቱን እስክንጨርስ እግሬን ከቤንዚኑ ላይ አላነሳሁም።

ከላይ አቁሜ ኦቦ ጉዮን ጠበቅናቸው። ልብሳቸውን እየጨመቁ ደረሱ። ያኔ ነው ድምፁን የሰማነው፤ ከሩቅ ብዙ ከብት የሚሮጥ ይመስል ነበር። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ መጣና እኛ ያለፍንበትን መልካ ሁሉ ሸፈነው።

«ገለታ ዋቃ» አሉ ኦቦ ጉዮ፤ አምላክ ይመስገን ማለታቸው ነው።

እኔም አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ቀጠልን።

ነገሌ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አቆምኩ። ከሜጋ መንገድ ሴት ነድታ መጣች ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። ሐኪሙ የደምሴን ክንድ አይቶ ወዲያው አስገባው፤ ሲወጣ «ቢያድር ኖሮ እጁን እንቆርጠው ነበር» አለኝ። ኦቦ ጉዮም ወንድማቸውን ተሽሏቸው አገኟቸው። ዘመድ ሆነን ቀረን፤ ነገሌ በመጡ ቁጥር ቤታችን ያርፋሉ።

የደምሴ እጅ ተረፈ፤ ጥንካሬው ግን አልተመለሰም። ሁለቱ ጣቶቹ መታጠፍ እምቢ አሉ፤ የከባድ መኪና መሪ ለረጅም ጊዜ መጨበጥ አይችልም። ደምሴ ለብዙ ወራት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ካሚዮኑን ሲመለከት እኔም እሱን ስመለከት ቆየን። መንጃ ፈቃድ ማውጣት እንደምፈልግ ነገርኩት። በማግስቱ በጠዋት ቀስቅሶኝ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወሰደኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አስተማረኝ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ደፋር አደረገኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ወንዝ ስደርስ ወርጄ ውሃውን በመዳፌ ዘግኜ ሳላይ አልገባም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እስከዚያን ቀን የእኔን ሥራ እንደ እገዛ ነበር የማየው፤ ዋናው ሥራ የነጂው ነው ብዬ። ዳዋ መሃል ብረቱ ድንጋዩን ሲፋቅ ግን የሰማሁት የራሴን እጅ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ማጠብ፣ እያንዳንዱ ግራሶ መቀባት እዚያ ነበር። ምናልባት ከእናንተም መካከል ማንም የማያየውን ሥራ የምትሠሩ ትኖራላችሁ። ሰው ባያየውም እናንተ ራሳችሁ እገዛ ነው አትበሉት።

ፈቃዱን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜጋ የወጣሁበት ቀን የገበያ ቀን ነበር። ካሚዮኑ ገበያው ዳር ቆሟል፤ ግማሽ ከተማ ያውቀናል። እኔ አስቀድሜ መሪው ፊት ተቀምጫለሁ። ደምሴ ከነጋዴዎቹ ጋር ሲያወራ ቆየ። ያፍር ይሆን፣ ይቀር ይሆን እያልኩ በመስታወቱ አየዋለሁ። አንዱ ጓደኛው እየሳቀ «ደምሴ፣ ዛሬ ረዳት ሆንክ?» ሲለው ሰማሁ።

ደምሴ ቱታውን ከትከሻው ላይ አውርዶ ለበሰ። ሰው ሁሉ እያየው ጎንበስ አለና ከካሚዮኑ ሥር ገባ። መዶሻው አንድ በአንድ ቡሎኖቹን ሲነካ ከላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ ነበራቸው። ወጣ፤ አቧራውን አራገፈ፤ በሌላው በኩል ዞሮ ገባና በሩን ዘጋ።

«ከታች ደህና ነው» አለኝ። «ንጂ።»